የአይሆንም ያለህ!

ሶልያና ገና ፊቷን ሳትታጠብ አምባሯ ጮኸ። የዕለቱ የጸሎት ርዕስ ደርሷል፦ «የወንዶች መጸዳጃ ቤት ሴራሚክ ቀለም።»

አልጋዋ ሥር ተንበረከከችና፣ «ጌታ ሆይ፣ ነጭም ይሁን ሰማያዊ አንተ ታውቃለህ፣ አሜን» ብላ ልትነሳ ስትል አምባሩ እጇ ላይ ነዘረ። አጭር ጸሎት አይቀበልም። እንባ ባይጠይቅም ትጋት ይጠይቃል። ምን ይደረግ፣ ተመልሳ ተንበረከከችና ስለ ሴራሚኩ አምርራ ጸለየች። ስለ ነጋዴው፣ ስለ ለጣፊው፣ ስለ ለጣፊው ልጆችም ጨመረችበት። አምባሩ አረንጓዴ ብልጭ ሲልላት ጉልበቷን እያሸች ተነሳች። መጸዳጃ ቤቱ፣ ልብ አድርጉ፣ ከፈረሰ ዘመን ሆኖታል። ቦታው ላይ አሁን የመዘምራን ልብስ ማስቀመጫ ነው ያለው።

ነገሩ የመጣው ከጤና ነው። ድሮ ጤና የሰው ነበር፤ ኋላ የአመራርም ሆነ። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያለ ቤተ እምነት ሁሉ በሩ ላይ መብራት ሰቀለ። አረንጓዴ ከበራ አመራሩ ጤነኛ ነው፣ ቀይ ከበራ ታሟል። አመራሩ የታመመበት ጉባኤ ድምፅ ማጉያ አይፈቀድለትም። ድምፅ ማጉያ የተነፈገ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ምኑን ቤተ ክርስቲያን ሆነው! የወይራ ጥላ አጥቢያ ሽማግሌዎች ይህን እንደ ሰሙ መብራታቸው አረንጓዴ እንዲሆን ውለው ሳያድሩ «ጸሐፊ» የሚሉትን አስገቡ።

ጸሐፊው ሰው አይደለም። በአዳራሹ ጣሪያ፣ በቢሮው ግድግዳና በየሽማግሌውና በየምእመኑ አምባር ውስጥ የተቀመጠ ጆሮ ነው። አይበላም፣ አያኮርፍም፣ ከማንም ጋር አይዛመድም። ሥራው የተነሳ ጉዳይ ሁሉ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። «አዎ» ከተባለ ይፈጸማል። «አይሆንም» ከተባለ ይዘጋል፤ ጠያቂውም ካሻው መሸኛውን ይዞ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። ጸሐፊውን የሠሩት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስቡትን የሚናገሩ፣ የተናገሩትንም የሚያስቡ፣ ምስኪኖች። ወይራ ጥላን አያውቋትም። በወይራ ጥላ «አይሆንም» የሚባል ቃል ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጨዋ ሰው፣ ያውም አማኝ፣ እንዴት ወንድሙን ዓይን ዓይኑን እያየ አይሆንም ይላል? «እንጸልይበት» ይላል እንጂ! ሰሚውም ነገሩ ገብቶት፣ አሜን ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ስንት ዘመን በሰላም ተኖረ።

ጸሐፊው ግን «እንጸልይበት» የሚለውን ሲሰማ የሥራ ዕቅድ መሰለው። የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን አንድ ሳይቀር አነበበ፣ «እንጸልይበት» የተባለበትን ጉዳይ ሁሉ ለቃቅሞ ወረፋ አስያዘ፣ ተጸልዮበት እስኪያልቅም እያንዳንዱ ጉዳይ ባለበት እንዲቆም አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ምእመኑ በየማለዳው አንድ ጉዳይ ይታደላል፤ አንዱ ጉዳይ ተጸልዮበት አለቀ የሚባለው ግን ከወራት በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ደንግጠው ነበር። ግን መብራቱ ጭራሽ ደመቀ። በአካባቢው እንዲህ አጥብቆ የሚጸልይ አመራር የለም ተባለ፤ ከሌላ ከተማ ልምድ ለመቅሰም በአውቶቡስ ሰው መጣ። ከእንግዲህ ማን ይነካዋል!

ይህ ሁሉ ለሶልያና የሚያስቅ ነገር በሆነ ነበር፣ ልጇ ናርዶስ ወረፋው ውስጥ ባትኖር።

ናርዶስ ከሦስት ዓመት በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጇን አውጥታ፣ «የፓስተር ያፌት የአገልግሎት ዘመን መቼ ነው የሚያበቃው?» ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው ጥፋቷ። አልሰደበች፣ አልጮኸች። መተዳደሪያ ደንቡ ስድስት ዓመት ይላል፤ ፓስተር ያፌት ግን ናርዶስን በእናቷ እቅፍ ሳለች ባርከዋታል፣ አድጋ አጥምቀዋታል፣ አሁንም እዚያው ናቸው። የዚያን ዕለት ፈገግ አሉ። ፓስተር ያፌት ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ። «እኅታችንን እንወዳታለን። በኅብረታችን ያላትን ቦታ እንጸልይበት» አሉ። ጉባኤው አሜን አለ፣ ጸሐፊው መዘገበ። ናርዶስ ከዚያን ቀን ጀምሮ «በጸሎት ላይ ያለች» ናት።

በጸሎት ላይ ያለ ሰው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አይዘምርም፣ የጌታን እራት አይወስድም፣ አይዳርም። ጥሎ ልሂድ ቢልም አይችልም፤ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርስ አምባሩ ያሳብቅበታል፤ አምባሩ ደግሞ ጉዳዩ ሳይዘጋ ከእጅ አይወልቅም። አሁን ደግሞ የናርዶስ ሠርግ ደርሷል። እጮኛዋ ኤልዳድ የቦዲቲ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ አልቋል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። የቀረው ከወይራ ጥላ አንዲት ቃል ናት። አዎ ካሏት እዚሁ ትዳራለች፤ አይሆንም ካሏት መሸኛዋን ይዛ ቦዲቲ ትዳራለች።

«ከሁለቱ አንዱን ይበሉኝ እንጂ እግራቸውን እስማለሁ» ትላለች ሶልያና።

«እማዬ፣ ተይ አትድከሚ» አለቻት ናርዶስ። «ከሴራሚኩ በኋላ የመድረኩ ምንጣፍ አለ፣ ከምንጣፉ በኋላ የወጣቶች ከበሮ አለ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ኤልዳድ ጡረታ ይወጣል።»

ልጅቷ ትቀልዳለች እንጂ ማታ ማታ ዓይኗ አብጦ ነው የሚታየው። ሶልያና ይህን እያየች ዝም ልትል አልቻለችም። ነጠላዋን ለበሰችና አይሆንም የሚል ሰው ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ ፓስተር ያፌት ቢሮ ሄደች። ተነስተው ተቀበሏት፣ ወንበር ሳቡላት፣ ስለ ስኳሯ ጠየቋት።

«ፓስተር፣ ልጄን አይሆንም ይበሉልኝ» አለቻቸው።

«ምን አልሽ እኅቴ?»

«አዎ ማለት ከከበደዎት አይሆንም ይበሏት። እሷም ትረፍ፣ እኔም ልረፍ።»

«እኔ? ናርዶስን?» ፓስተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እንኳን እንደ ልጄ ያሳደግኋትን፣ ለጠላቴም እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣ። እወዳታለሁ እኮ።»

«ቢጠሏት ይሻለን ነበር» አለች ሶልያና። ፓስተሩ ፈገግ ብለው እስከ በሩ ሸኟት።

ከዚያ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ኢዮስያስ ቤት ሄደች። ጋሽ ኢዮስያስ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ፤ ክፉ ሰው አይሆንም ማለት አይቸግረውም። ሳሎን ሻይ እየጠጡ አገኘቻቸው። ባለቤታቸው ቤተል፣ የሶልያና የመዘምራን ጓደኛ፣ ለእሷም ቀዳችላት።

«ሶልያና፣ ያንቺ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ።

«እንግዲያው አይሆንም ይበሉና ይተኙ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ደሞ! በስተርጅና የሰው ልጅ አስለቅሼ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስታለቅስ የት ነበሩ?»

ጋሽ ኢዮስያስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። በእውነት አዝነዋል፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ያላቸውን ሁሉ ርኅራኄ አሰባስበውም፣ «እንግዲህ ምን እላለሁ እኅቴ፣ የናርዶስን ነገር እንጸልይበት» አሉ።

አምባራቸው ጮኸ። ጸሐፊው በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «የእኅት ናርዶስ ጉዳይ በአዲስ ተመዝግቧል። ከወረፋው መጨረሻ ተሰልፏል» አለ።

ጋሽ ኢዮስያስ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ውይ! ውይ በሞትኩት! አፌን ምን ነካው!»

ሶልያና በሻይ ብርጭቆዋ ላይ አቀረቀረች። እንባዋ ሻይዋ ውስጥ ጠብ ሲል አየችው። ሦስት ዓመት የተጠበቀ ወረፋ በአንድ አፍ እላፊ አፈር በላ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልታ አታውቅም፤ የሚጠሉ ሰው አለመሆናቸው ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ቤተል ነገሩን ለማብረድ ብላ፣ «በል ሻይህን ልድገምልህ?» አለቻቸው።

«እንጸልይበት» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ።

አምባሩ ጮኸ። «የጋሽ ኢዮስያስ ሁለተኛ ሻይ በጸሎት ላይ ነው። ባለበት ይቆማል።»

ቤተል ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወገቧን ያዘች። «አየሽልኝ? አየሽልኝ ጉዴን? ባለፈው ዶሮ ልሥራልህ ወይ አልኩት፣ እንዲሁ አለኝ። ይኸው ዶሮዋ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደች ናት፣ የሚነካት የለም! ጥሩ ነገር ጠየቅኩት ክፉ ነገር ጠየቅኩት ለእሱ አንድ ነው። የሚሰማኝ መሰለሽ? ጥያቄ ከመሰለው በቃ፣ አፉ ራሱ ይናገራል።»

ሶልያና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ቤተልን አየቻት፣ ቀጥላ ጋሽ ኢዮስያስን አየቻቸው፣ ቀጥላም ግቢ ውስጥ ያለችውን ዶሮ በመስኮት አየቻት። ሻይዋን ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፣ አመስግናቸው ወጣች።

ጠቅላላ ጉባኤው የዋለው በዚያው ሰሞን ነው። የአመራር ጤና የምትለካ ገምጋሚ መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አመራሩ ጥሩ ልብሱን ለብሷል። ሪፖርት ተነበበ፣ አሜን ተባለ። ዕቅድ ተነበበ፣ አሜን ተባለ። የአዳራሹ ሙቀት ተቆጣጣሪ ተበላሽቷል ተባለ፣ አሜን ተባለ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ኢዮስያስ ደክሟቸው፣ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ ሶልያና ተነሳች።

ናርዶስ ከኋላ አግዳሚ ላይ በድንጋጤ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ፓስተር ያፌት ፈገግ አሉ።

«እኔ እንኳ ምስጋና ነው ያለኝ» አለች ሶልያና፣ ማር እየቀባች። «የፓስተር ያፌት የእሁድ ስብከት ሕይወታችንን ለውጦታል። ከፊታችን ባለው እሁድም እንደ ወትሮው እንዲሰብኩ ጉባኤው ይሁን ብሎ ቢያጸድቅልኝ ብዬ ነው። ምን ይላሉ፣ ጋሽ ኢዮስያስ?»

ጋሽ ኢዮስያስ ገምጋሚዋን ሰረቅ አድርገው አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንገታቸውን በትሕትና ዘንበል አደረጉ።

«እንጸልይበት» አሉ።

ጉባኤው፣ «አሜን!» አለ።

ጸሐፊው፣ «የፓስተር ያፌት የእሁድ ስብከት በጸሎት ላይ ነው። ባለበት ይቆማል» አለ።

ፓስተር ያፌት ተነስተው፣ «ወንድሞችና እኅቶች...» ሲሉ ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ወንበራቸው ላይ ያለችው መብራትም ጠፋች፤ ከኋላ አግዳሚ፣ ናርዶስ ጎን፣ አንዲት ቦታ በራችላቸው። ገምጋሚዋ በመገረም ራሷን ነቀነቀች። ፓስተሩን ሳይቀር በጸሎት ላይ የሚያውል አመራር አይታ አታውቅም፤ በሩ ላይ ያለው መብራት ያን ዕለት ዓይን አስጨፈነ ይባላል። ፓስተሩ መተላለፊያውን ይዘው ወደ ኋላ ሲሄዱ ፈገግታቸው አብሯቸው ነበር፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን ያጡ ይመስሉ ነበር።

«ጠበብ ይላል፣ ፓስተር» አለቻቸው ናርዶስ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «ይለመዳል ግን።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ወረፋው አይነካም ያሉ ሽማግሌዎች ባንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። የማይከፈተውን መተዳደሪያ ደንብ ከፈቱት። ለካ ሽማግሌዎች ጉዳይን ሁሉ በምእመኑ ፊት በአዎና በአይሆንም መዝጋት ይችላሉ! ለካ ሁልጊዜም ይችሉ ኖሯል! አንድ ክልከላ ብቻ አለው፤ ወረፋ መዝለል አይቻልም። የፓስተሩ ስብከት ደግሞ ጭራው ላይ ነው፤ ከፊቱ የጋሽ ኢዮስያስ ሻይ፣ ከሻዩ ፊት የናርዶስ ጉዳይ፣ ከእሷም ፊት የዘመናት «እንጸልይበት» ተደርድሯል። ቅዳሜ ከማለዳው ምእመኑ ተጠራ።

መጀመሪያ ላይ ያሳዝኑ ነበር። ጋሽ ኢዮስያስ የመጀመሪያዋን «አይሆንም» ለማውጣት ሁለቴ ውሃ ጠጡ። የመድረኩ ምንጣፍ ነበር ጉዳዩ። «አ... አይ... ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አይሆንም» አሉ። ምንም አልሆነም። ጣሪያው አልወደቀም፣ የተቀየመም የለም፤ ምንጣፉን የጠየቁት ሰውዬ ከሞቱ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ ጣማቸው። የወጣቶች ከበሮ፣ አዎ! ወጣቶቹ አሁን ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው ያላቸው፤ እነሱም ቢሆኑ እልል አሉ። የእሁድ ፕሮግራም አጠር ይበል፣ አዎ! የሽማግሌ ወንበር ይለወጥ፣ አይሆንም! ሰው ከልቡ ሲስቅ፣ ሲከራከር፣ «እሱስ ልክ ነው» ሲባባል ዋለ። ሶልያና በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕይወት አይታ አታውቅም። በሩ ላይ ያለው መብራት ግን ወደ ቢጫ ዞረ፤ የጸሎት ተሳትፎ ቀንሷል ተብሎ።

ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው፣ «እኅት ናርዶስ በኅብረቱ ያላት ቦታ» አለ።

ሳቁ ቆመ። ሶልያና ሁለት እጇን ጭኗ መሀል ቀረቀረች። ጋሽ ኢዮስያስ ከኋላ የተቀመጡትን ፓስተር ያፌትን ተመለከቱ፤ የአባልነት ነገር የፓስተሩ ቃል ነው። ፓስተሩ ተነሱ። አዎ ቢሉ ናርዶስ እዚያው እጇን አውጥታ ያንኑ ጥያቄ እንደምትደግመው የማያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረም። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ ሽቅብ ታያቸዋለች። እሳቸው ግን ወደ መድረኩ ነው የሚያዩት።

«አይሆንም» አሉ። በቀስታ፣ እንደ ቡራኬ።

ሶልያና እልልታዋን አቀለጠችው። ዘላ ተነሳች፣ ነጠላዋ ወደቀ፣ ደግማ እልል አለች። «እሰይ! እሰይ! አፍዎ ይባረክ!» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ልጇ ስትባረር እልል የምትል እናት በወይራ ጥላ ታይታ አትታወቅም።

ነጠላዋን አፍሳ፣ ሮጣ ኋላ አግዳሚ ዘንድ ስትደርስ ናርዶስ እያለቀሰች ነበር።

«ምን ሆነሻል? አገኘነው እኮ! መሸኛሽ ወጣ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች ናርዶስ። «ግን እማዬ፣ እምቢ አሉኝ። እዚህ ነው የተጠመቅሁት። እሳቸው ናቸው ያጠመቁኝ።»

ሶልያና እልልታዋን ተወችው። ያን ቃል መድኃኒት እንደሚፈልግ ሰው በየቤቱ ስትለምን ሰነበተች፤ ሲመጣ የሚያም ነገር መሆኑን ለአፍታ አላሰበችውም ነበር። ልጇን ይዛ አነሳቻት፣ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ ተቃቅፈው ወደ በሩ ሄዱ።

በሩ ላይ የቆመችው አስተናጋጅ እንደ ልማዷ፣ «ተባረኩ፣ እሁድ እንገናኝ» አለቻቸው።

ናርዶስ አምባሯን ከእጇ አውልቃ ሰጠቻት። «አንገናኝም እኅቴ። አንቺም ተባረኪ።»

ከውስጥ የጋሽ ኢዮስያስ ሁለተኛ ሻይ «አዎ» ሲባል ተሰማ፤ አስከትሎም የጸሐፊው ድምፅ መጣ፦ «የመጨረሻ ጉዳይ። የፓስተር ያፌት የእሁድ ስብከት።» ቀጥሎ የጋሽ ኢዮስያስ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ሲጠረግ፣ ሲጠረግ። «ይሄ እንኳ...» አሉ፣ «ይሄስ ትንሽ...»

«እማዬ ነይ» አለች ናርዶስ፣ ክንዷን እየሳበች። «ጨርሰናል። ምን ቀረን እዚህ?»

ሶልያና ደጁን አየች፣ አዳራሹን አየች። እውነትም የመጣችበትን አግኝታለች፤ የሠርግ ሥራ ይጠብቃታል፣ አማቾቿ ይጠብቋታል።

«አንቺ ሂጂ» አለቻት። «ኤልዳድ ጋ ሂጂና ንገሪው። እኔ ትንሽ እቆያለሁ።»

«እሳቸው ቤት ደግሞ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማን የእሳቸው አደረገው? የእኔም ነው።»

ተመልሳ ገባች። በፓስተር ያፌት አጠገብ አልፋ፣ መተላለፊያውን ይዛ እስከ ፊተኛው አግዳሚ ሄደች፣ ከሽማግሌዎቹ ሚስቶች መሀል። ቤተል ጠጋ አለችላት። ሶልያና ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ጋሽ ኢዮስያስን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ አዎ ነው ወይስ አይሆንም?» አለቻቸው። «አይቸኩሉ፤ እንጠብቅዎታለን።»